አርባ አራተኛዋ ቋጠሮ

በዚያ ኅዳር አሥራ አምስት ቀን፣ ከብት በሚገባበት ሰዓት፣ እቤታችን የነበርነው እነዚህ ነን። አባቴ፣ ከበሩ በስተቀኝ ካለው መደብ ላይ ተቀምጦ። እናቴ፣ ከምሰሶው ሥር፣ እንዝርቷን ይዛ። ታላቅ እህቴ ይታይሽ፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ። እኔ የሺ፣ ገና ሰባት የሞላኝ። ትንሹ ወንድማችን ሙላት፣ አራት ዓመቱ። ከዚያ ደግሞ ከደምበጫ በኩል የመጡ አያ ጥላሁን የሚባሉ እንግዳ፣ በቅሏቸውን ከደጃችን ግራር ላይ አስረው የገቡ። ስድስት ነን። ማን ምን እንደሰማ፣ ማን ምን እንዳወቀ ለማስታወስ እነዚህን ስድስት ሰዎች ስንት ጊዜ በልቤ እንደቆጠርኋቸው እግዜር ይወቀው። ያልነበሩት ጎረቤታችን እማሆይ ጥሩ ብቻ ናቸው። ያን ዓመት ጾሙ ሳይገባ ቀደም ብለው ገዳም ሄደው ነበር። እሳቸው ኖረው ቢሆን አንዲት ቋጠሮ ትቀንስ ነበር።

መንደራችን ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ከሚወስደው የመኪና መንገድ በእግር አንድ ሰዓት ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ኅዳር ሲሆን በየአውድማው ጤፍ ይወቃል፣ በየደጁ በርበሬ ይሰጣል። የልጅነቴ የገና ጾም ሲታወሰኝ ቀድሞ የሚመጣብኝ የዚያ በርበሬ ሽታ ነው። ፀሐይ ሞቅ ሲያደርገው ጉሮሮ ይይዛል፤ እኛ ልጆች ስናስነጥስ እንውላለን፣ ዶሮዎቹ እንኳ ያስነጥሳሉ። ጠዋት ደግሞ ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ ጭስ ከየቤቱ ጣሪያ ወጥቶ ወደ ላይ አይሄድም፣ እዚያው መንደሩ ላይ ተኝቶ ይቆያል።

የገናን ቀን የምንቆጥርበትን ክር እናቴ ከማንም ተምራ አላመጣችውም። ይታይሽ ሰባት ዓመት ሞልቷት መጾም ስትጀምር ከቅሉ ወተት እየሰረቀች፣ ደግሞም በቀን አሥር ጊዜ "ገና መቼ ነው የሚደርስ?" እያለች ብታስቸግራት፣ ከፈተለችው ጥጥ ክር ወስዳ አርባ አራት ቦታ ቋጠረችው። ከኅዳር አሥራ አምስት እስከ ታኅሣሥ ሃያ ስምንት፣ ለእያንዳንዱ ቀን አንዲት ቋጠሮ። ቋጠሮዎቹን የሚቆጥሩላት እማሆይ ነበሩ፤ እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፣ ቁጥርም ከሃያ ካለፈ ያምታታታል። ከዚያ ክሩን ከምሰሶው ላይ ታስረዋለች። ማታ ማታ ከብት ሲገባ አንድ ልጅ አንዲቱን ይፈታል፤ የፈታ ልጅ አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ያገኛል። እንዲሁ በነጻ ግን አይደለም። ቋጠሮ ለመፍታት በዚያ ቀን አንድ ደግ ሥራ ሠርቶ መገኘት ያስፈልጋል። ለእማሆይ ውኃ መቅዳት፣ ከተጣሉት ልጅ መታረቅ፣ የጎረቤት ጥጃ ከአዝመራ ገብቶ ሲገኝ ሳይደበድቡ መመለስ። ሥራ ያልሠራ ልጅ ተራው ያልፈዋል።

ከገና በፊት ያሉት ሦስት እሑዶች ሲደርሱ እናቴ በክሩ ላይ ቀለም ያለው ጥለት ታክልበት ነበር። ስብከት የሚባለው እሑድ ሲሆን አባቴ ነቢያት ጌታን ሲጠባበቁ እንዴት እንደኖሩ ያወራናል። ኢሳይያስን እንደ ጎረቤቱ ነበር የሚያወራው፤ "ምስኪን ኢሳይያስ" ይል ነበር፣ አውድማ ላይ አብረው የዋሉ ይመስል። ብርሃን በሚባለው እሑድ ሦስታችንም አንድ አንድ ጧፍ እንይዛለን። ኖላዊ ደግሞ መልካም እረኛ ማለት ነውና በዚያ ቀን በጎቹን በመዳፋችን ጨው እናስልሳቸዋለን። የበጓ ምላስ እጄ ላይ እንዴት ሻካራና ሙቅ እንደነበር አሁንም ይሰማኛል። ከሀብታም ቤት ልጆች ጋር የማንለዋወጠው ጾም ነበር።

እንግዲህ በዚያ ማታ አያ ጥላሁን ቀና ብለው ክሩን አዩት።

"ይቺ ደግሞ ምንድን ናት፣ እታለም?" አሏት ይታይሽን። በእኛ አገር ታላቅ እህት እታለም ትባላለች፤ እኛ ታናናሾቿ እንደዚያ ነበር የምንጠራት። ከእንግዳ አፍ ሲወጣ ግን የተሰረቀ ዕቃ መሰለኝ።

ይታይሽ ከትምህርት ቤት የመጣች ኩሩ ልጅ ናትና ቀጥ ብላ ቆማ አስረዳቻቸው። እያንዳንዷ ቋጠሮ አንድ ቀን መሆኗን፣ ስታልቅ ገና መድረሱን። አያ ጥላሁን እያዳመጡ ከእግር እስከ ራሷ ያዩዋት ነበር። በገበያ ጊደር የሚገዛ ሰው እንደዚያ ሲያይ አይቻለሁ።

"ቁጥርም ታውቃለች እንዴ?" አሉ ወደ አባቴ ዞረው።

"ትቆጥራለች" አለ አባቴ። ድምፁ ደስ የሚል አልነበረም።

"እንግዲያው አጠረች። ከገና ወዲያ አሥራ አምስት እንጨምርባት" ብለው ተነሡና፣ የክሩን ጫፍ ይዘው በዚያ ሻካራ ጣታቸው አሥራ አምስት ቋጠሮ ቋጠሩበት። ጥብቅ ጥብቅ አድርገው። እኔና ሙላት በደስታ ዘለልን፤ አሥራ አምስት እፍኝ ቆሎ ተጨመረ ማለት ነው። ሙላትማ የእንግዳውን ጉልበት ሳመ። እናቴ እንዝርቷን ስታሾር የነበረው እጇ ቆመ። እንዝርቱ መሬት ላይ ወድቆ እየተንከባለለ ሄዶ ከእንግዳው እግር ሥር ቆመ፤ ማንም አላነሣውም።

ከገና አሥራ አምስት ቀን ብንቆጥር ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን ነው። ያ የሰርግ ወቅት መሆኑን እኔ አላውቅም ነበር። ይታይሽ ግን ቁጥር ታውቃለች፤ እዚያው ቆማ በጣቷ ስትቆጥር፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻታለሁ። አሥራ አምስት ላይ ስትደርስ ጣቶቿን ጨበጠቻቸው።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን የምጽፈው ስለሞተ ብዬ አይደለም። ያን ዓመት መሬት ሊሸነሸን ነው የሚል ወሬ በየገበያው ይወራ ነበር፤ በደርግ ጊዜ በማኅበር ሥልጣን የነበረው ሁሉ መሬቱ ይቀነስበታል ይባል ነበር። አባቴ ደግሞ ማንበብና መጻፍ ስለሚችል ብቻ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ አድርገውት ነበር። የአያ ጥላሁን ወንድም የመሬቱ ኮሚቴ ውስጥ ይገባል ተብሎ የሚጠበቅ ሰው ነው። ይታይሽን ለልጃቸው ድሮ ከእሳቸው ጋር መዛመድ ለአባቴ አጥር ማጠር ነበር። እንዲያ ሆኖም ምግብ አይበላም ነበር፤ ማታ ማታ ተነሥቶ በሩ ላይ ይቆማል፤ ውሻው ባልጮኸበት "ማነው?" ይላል። ይታይሽን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ከትምህርት ቤት አስቀራት። ደብተሮቿን ከጣሪያው ውስጥ ሸጉጦ "አዝመራው እስኪያልቅ ነው" አላት። እሷም "እሺ" አለች።

እኔ በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ሐሳብ ብቻ ነበረኝ፤ ገና ቶሎ እንዲደርስ። ሰባት ዓመቴ ስለሆነ መጾሜ ነው፣ ወተት የለም፣ ሙላት ከፊቴ ሆኖ ወተቱን እየጠጣ የአፉን ዙሪያ ነጭ አድርጎ ያሳየኛል። ስለዚህ ተራዬ ሲደርስ በአንዲት ፋንታ ሁለት እፈታ ጀመር። ሁለተኛዋን በመዳፌ ደብቄ በጥርሴ ነበር የምፈታት። ገና የሚመጣው ቋጠሮው ሲያልቅ ነው ብለውኝ የለ? ቋጠሮውን ባስቸኩለው ገናም የሚቸኩል መስሎኝ ነበር።

ክሩ ግን አላልቅ አለ። በኅዳር መጨረሻ ላይ ክሩ ላይ የቀረው ቋጠሮ እስከ ወገቤ ይደርስ ነበር፤ ታኅሣሥ ገብቶም ያው ነው። አንዳንድ ጊዜ ጭራሽ የረዘመ ይመስለኛል። ፈራሁ። እማሆይ አንድ ጊዜ ያወሩልን ነበር፣ ዕድሜው ያልደረሰ ሰው ሊሞት ሲል ቀኑ ወደ ኋላ ይመለስለታል እያሉ። ከመካከላችን የሚሞት ሰው ያለ መሰለኝ። ማታ ማታ አባቴን፣ እናቴን፣ ሙላትን፣ ይታይሽን እያየሁ ማን ይሆን እላለሁ። ይህ የፍርሃት ልማድ እስከዛሬ አልለቀቀኝም፤ ልጆቼ ተኝተው እንኳ ትንፋሻቸውን ሳላዳምጥ አልተኛም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ እህል ልታስፈጭ ሄዳ፣ እኔ ከወንዝ ስመለስ በሩ ገርበብ ብሎ አገኘሁት። ይታይሽ ከምሰሶው ሥር ቆማለች። ክሩን በጥርሷ ይዛ፣ የፈታነውን ቦታ እየፈለገች መልሳ ትቋጥራለች። ሁለት ቋጠረች። ሦስተኛውን ስትጀምር አየችኝ። አልደነገጠችም። ጎንበስ ብላ ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ፣ "የሺዬ፣ ለማንም አትናገሪ" አለችኝ። እጇ ላይ የነበረው በርበሬ ዓይኔን አቃጠለኝ።

"ገና ይዘገይብናል!" አልኋት።

"ይዘግይ" አለች። "ትንሽ ይዘግይ። ቆሎዬን ሁሉ ላንቺ እሰጥሻለሁ።"

እውነትም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆሎዋን ትሰጠኝ ነበር። አሥር ቀን ያህል የሁለት ሰው ቆሎ በላሁ፤ አሥር ቀን ያህልም ምሥጢሩን ጠበቅሁ። ያን ያህል መጠበቄ ለልጅ ብዙ ነው እያልሁ ራሴን የማጽናናበት ጊዜ አለ።

ብርሃን የሚባለው እሑድ ሲደርስ አያ ጥላሁን ዳግመኛ መጡ። ለእናቴ አንድ ነጠላ፣ ለአባቴ ማር ይዘው ነበር። እማሆይም ከገዳም ተመልሰው ስለነበር ከእኛ ጋር ነበሩ። ጧፋችንን አብርተን ቆመናል። አያ ጥላሁን ደስ ብሏቸዋል፤ ሙላትን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ "ቋጠሮዬ ደረሰ ወይ? እስቲ ቁጠርልኝ" ይሉታል።

"አልደረሰም!" አለ ሙላት። "ብዙ ነው!"

"ምነው? እኔ እስካሁን ግማሹ ያለቀ መስሎኝ።"

ሁሉም ወደ ክሩ አየ። ይታይሽ ጧፏን እያየች ነበር። እኔም ያን ጊዜ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ሁሉም ሰው እኔን እንዲያይ ስለፈለግሁ ብቻ፣ "እታለም ናት! እኛ ስንፈታ እሷ ቀን ቀን መልሳ ትቋጥረዋለች! እኔ አይቻታለሁ!" አልሁ።

ማንም አልተቆጣም። ቢቆጡኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። የሦስቱ ጧፎች ነበልባል ብቻ ይንቀሳቀሳል። እማሆይ፣ "ከአፍ ከወጣ አፋፍ" አሉ ዝቅ ብለው፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል። አያ ጥላሁን ሙላትን ቀስ ብለው ከጭናቸው አወረዱት። ለአባቴ እንዲህ አሉት፤ ድምፃቸው ምንም ክፋት የለውም፦

"ልጅቱ ቀን የምታስረዝም ከሆነች እኛ እናሳጥርላት። ሰርጉ በጥር፣ በወጉ ይሁን። እሷን ግን የገና ማግስት በጠዋት እንውሰዳት፣ እኛ ዘንድ ትቆይ። ልምድ ታድርግ።"

አባቴ የማሩን ዕቃ አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ "መልካም" አለ።

አያ ጥላሁን ከወገባቸው ቢላዋ አውጥተው፣ ራሳቸው የቋጠሯቸውን አሥራ አምስቱን ከክሩ ጫፍ ቆርጠው ጣሏቸው። "እነዚህ ከእንግዲህ አያስፈልጉም" አሉ። የተቆረጠው ክር ከምድጃው አጠገብ ወደቀ። ሙላት ቆሎው ቀረ ብሎ አለቀሰ። ይታይሽ አላለቀሰችም፤ ጧፏን በጣቷ አጠፋችው፣ በአፏ አልነፋችውም። እኔን አላየችኝም፤ ከዚያም በኋላ አንድም ቀን አልተቆጣችኝም። ቆሎዋን መስጠቷንም አላቋረጠችም። እኔ ግን መብላት አልቻልሁም፣ ጉንጬ ውስጥ እየያዝሁ ወጥቼ ለዶሮ እጥለው ነበር።

በማግስቱ እናቴ ክሩን አውርዳ እንደ አዲስ ቋጠረችው። ከዕለቱ ጀምራ እስከ ታኅሣሥ ሃያ ስምንት፣ በየዓመቱ እንደለመደችው፣ በጣቷ እየቆጠረች። እማሆይ ወደ ቤታቸው ገብተው ነበር፣ አልጠራቻቸውም። ያን ጊዜ አጠገቧ ሰው ባይኖር ትመርጥ ነበር ብዬ አስባለሁ። ሌሊቱን ስታለቅስ ያደረች ዓይን ነበራት። ይታይሽ ከዚያ ወዲያ ብቻዋን ከደጅ እንዳትወጣ ተከለከለች፤ ውኃ ስትቀዳም አባቴ ከኋላዋ ሆኖ ያያል። ኖላዊ ደርሶ በጎቹን ጨው ስናስልስ የእሷ በግ ከመዳፏ አልልስ ብላ ጭንቅላቷን ስታዞር አየሁ። አባቴ የመልካሙን እረኛ ታሪክ ጀምሮ መካከል ላይ አቆመው። "ቀሪውን ታውቁታላችሁ" አለን።

የገና ዋዜማ ማታ እናቴ የድፎውን ሊጥ አቡክታ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ እማሆይም ለበዓሉ እኛ ቤት ሆነው፣ ሙላት ቋጠሮ ለመፍታት ተንጠራራ። አንዲቱን ፈታና ቆመ። ከዚያ ጩኸቱን ለቀቀው።

"ነገ ገና አይደለም! አንዲት ቀረች! አንዲት አለች!"

እማሆይ ጎንበስ ብለው ክሩን ዳሰሱት፤ ከዚያም ጥርስ የሌለው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሣቁ። "ኧረ የኔ ጌታ፣ ዘንድሮ እኮ ዮሐንስ ነው! በዮሐንስ ገና በሃያ ስምንት ነው የሚውል፣ ቀን ይጎድላል። እናትህ ረስታ ሃያ ዘጠኝ አድርጋ ቋጥራብህ ነው።" ወደ እናቴም ዞረው፣ "አንቺ ዝንጉ! እኔ ሳልኖር ዘመኑን አዞርሽው?" አሏት።

አባቴም ከብዙ ቀን በኋላ ፈገግ አለ። "ተርፋ የተገኘች ቀን ምን ትደረጋለች፣ እማሆይ?"

"የተረፈች ቀን የባለቤቷ ናት" አሉ እማሆይ። "ማን ጎድሎት እንደሆነ እግዜር ያውቃል።"

"ለእኔ ስጡኝ" አለች ይታይሽ። ለብዙ ሳምንት እንደዚያ ጠርቶ የወጣ ድምፅ አልሰማንባትም ነበር። "ቋጠሮዋን እኔ ልያዛት። ሥራዋን ነገ እሠራላታለሁ።"

እናቴ ወደ አባቴ አላየችም። ክሩን ከምሰሶው ፈታች። አጥፋ አጥፋ በእህቴ መዳፍ ላይ አስቀመጠችውና ጣቶቿን አንድ በአንድ ከደነችባት። እናቴ ክሩን ማሰር ከጀመረች ወዲህ ለልጅ ሰጥታ አታውቅም፤ ከምሰሶው አይወርድም ነበር።

በገና ዕለት ከቅዳሴ መልስ የመንደሩ ሰው ሁሉ ወንዶቹ ገና የሚጫወቱበት ሜዳ ወጣ። አያ ጥላሁንም ከእነ ልጃቸው ከነ ዘመዶቻቸው ደርሰው ነበር። ልጃቸው ሃያ ዓመት የሞላው ዝምተኛ ጎረምሳ ነው፤ ዱላው ጥሩ የወይራ ዱላ ነበር። ሩሯ፣ የጨዋታዋ ኳስ፣ ወዲህ ወዲያ ስትበር ሽማግሌው ሁሉ ይጮኻል፣ ትንሹ ትልቁን ይሰድባል፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላልና። አንዱ እረኛ አባቴን፣ "አንቱ ጸሐፊው! ሩሯን ምቷት እንጂ አትጻፏት!" አለው፤ ሜዳው በሣቅ ሞላ። አባቴም ሣቀ። እናቴ ከሴቶቹ ጋር ከሾላው ሥር ተቀምጣ ነበር። ይታይሽ ጀሪካኑን ይዛ ወደ እናቴ ቀረበችና፣ "ለእማሆይ ውኃ ልቅዳ" አለቻት። እናቴ አባቴ ወዳለበት ሳታይ፣ "ሂጂ" አለቻት። እኔም ልከተላት ተነሣሁ። እናቴ እጄን ያዘችኝ። በጣም አጥብቃ ነበር የያዘችኝ፣ ጥፍሯ ገብቶብኛል።

ያን ጊዜ ነው እናቴ ባዶ እግሯን መሆኗን ያየሁት። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ኮንጎ ጫማዋን አድርጋ ነበር። አንዲት ናት ያለቻት፤ ከገበያና ከቤተ ክርስቲያን በቀር አታደርጋትም። ትቢያ የጠጡ እግሮቿን ከቀሚሷ ሥር ሰብስባ ተቀምጣለች። "እማ፣ ጫማሽስ?" ልላት አፌን ከፈትሁ። በብርሃን እሑድ የሆነው ትዝ አለኝ። ዘጋሁት።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አባቴ ይታይሽን ፈለጋት። የእማሆይ በር ላይ ጀሪካኑ ተቀምጧል፤ እስከ አፉ ሞልቶ፣ ክዳኑ ተገጥሞ። ሥራዋን ሠርታለች። ሰዎቹ በሩጫ ወደ መኪናው መንገድ ወጡ። አያ ጥላሁን በቅሏቸውን እየጋለቡ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ አባቴ በእግሩ ወደ ቡሬ። መንገድ ዳር በርበሬ የሚሸጥ ሰው፣ ነጠላ የለበሰች ልጅ በርበሬ በጫነ መኪና ጋቢና ገብታ ወደ ቡሬ በኩል ስታልፍ አይቻለሁ አለ። ሌላው ደግሞ በእግሯ፣ ብቻዋን፣ ወደ ፍኖተ ሰላም ስትሄድ ነው ያየሁ አለ። ሁለቱ በአንድ ነገር ብቻ ይስማማሉ፤ ጫማዋ ለእግሯ ሰፍቷት እየተንሸራተተ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለው ብዙ አይደለም። መሬቱም ተሸነሸነ፣ የአባቴም ተቀነሰ። ቡሬ፣ ደምበጫ፣ እስከ መራዊ ድረስ ሄዶ ፈልጓታል፤ አንድ ጊዜ በእግሩ ሄዶ በክረምት ዝናብ ታሞ ተመለሰ። ምሰሶው ላይ ክር አልታሰረም። ለእኔ ሽማግሌ ሲመጣ እናቴ ከመደቡ ተነሥታ ቆመችና፣ "ይቺ እስክትደርስ አይሆንም" አለች፤ አባቴም አልተከራከራትም። እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርሁም፣ ግን በሰዓቴ አገባሁ፤ ሰው ጠይቆኝ እሺ ብዬ ነው ያገባሁ።

አሁን ፍኖተ ሰላም ከተማ እኖራለሁ። ኤሌክትሪክ አለን፣ ውኃው በር ድረስ ይመጣል፣ ልጄም ከቤት ሦስት መቶ እርምጃ የማይሞላ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። እንደዚያም ሆኖ እስክትመለስ በሩ ላይ እቆማለሁ፤ ባለቤቴ "አባትሽን ሆንሽ" ይለኛል። ዘንድሮ ጾሙ ሲገባ ስምንት ዓመት የሞላት ይቺው ልጄ፣ "እማዬ፣ ለገና ስንት ቀን ቀረ?" አለችኝ። እጄ ጥጡ ላይ ነበር። ክር አነሣሁ፣ አንዲት ቋጠርሁ፤ ከዚያ ፈታሁትና ጣልሁት። የሚጎድል ነገር ለልጅ ማሳየት አልቻልሁም። በእሱ ፋንታ ባዶ የማር ብርጭቆ አውጥቼ፣ ማታ ማታ አንዳንድ ባቄላ ጨምሩበት አልኋቸው፣ እሷንና ታናሿን። ደግ ሥራ የሠራ ልጅ ነው የሚጨምር። ብርሃን ሲደርስ ጧፍ እናበራለን። በግ ስለሌለን ለኖላዊ የጎረቤቱን በግ ጨው እናስልሳለን፤ ልጄም መዳፏን እያየች እንደ እኔ ትሥቃለች። የበፊቱ ጾም ከዚህ ይበልጥ ነበር ወይ ብትሉኝ፣ ሽታው ይበልጥ ነበር፣ ቆሎውም ይጣፍጥ ነበር እላለሁ። እንቅልፍ የሚሰጥ ግን የአሁኑ ነው፤ ለልጆቹ ማለቴ ነው።

እናቴ ከእኔ ጋር ናት። ዓይኗ ደክሟል። ስለዚያ ቀን ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ባለፈው ሳምንት ባቄላው ወደ ብርጭቆው ሲወድቅ ሰምታ፣ ከአልጋዋ ላይ ሆና፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ "ጨርቅ ውስጡ ጠቅጥቂበት ብያት ነበር። ጠቅጥቃበት ይሆን? እግሯን ልጦት ይሆን?" አለች።

ስለዚህ ነው ይህን የጻፍሁት። ይታይሽ ትባላለች። ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ አሁን በሠላሳዎቹ ውስጥ ናት። ቀይ ዳማ፣ በግራ ቅንድቧ ላይ ትንሽ የቃጠሎ ጠባሳ ያላት፣ ስታስብ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች የምትቆጥር። በዮሐንስ ዘመን በገና ዕለት ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም መካከል ያሳፈራት፣ ያስጠለላት፣ አብሯት የሠራ፣ ወይም ቋጠሮ ያለበት ነጭ ክር የያዘች ሴት ያየ ሰው ካለ ይንገረን። ደግ ወሬ ባይሆንም ይንገረን። እናቷ በሕይወት አለች።